የሁለት ጣዎስ ዳስ ባለቤት የወይዘሮ ማኖንማኒ ታምባያ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ማኖንማኒ ታምባያ ከአባታቸው ከአቶ ሙሩጌሱና ከእናታቸው ከወይዘሮ ናጋሙቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ግንቦት 12 ቀን 1936 ጃፍና ውስጥ በኮኩቪል መንደር ተወለዱ። ለወላጆቻቸው ሁለተኛና የመጨረሻ ልጅ ነበሩ። ታላቃቸው ወይዘሮ ራሳማ በአራት ዓመት ይበልጧቸዋል። በአገራችን ታላቅ እኅት በስሟ አትጠራምና እስከ መጨረሻው ቀናቸው «አካ» እያሉ ነው የጠሯቸው።

የተወለዱት ከበሩ ጀምሮ ትምባሆ በሚሸትበት ግቢ ነው። አያታቸው ቅጠል በቅርጫት ተሸክመው ከመንደር መንደር ሲሸጡ ከኖሩ በኋላ፣ በ1911 በግቢያቸው የዘንባባ ዳስ ጥለው፣ አራት ሰው አስቀምጠው ሱሩቱ ማስጠቅለል ጀመሩ። ሱሩቱ፣ ያ በገዛ ቅጠሉ የሚጠቀለለው ጥቁርና ወፍራም ትምባሆ፣ በዚያ ዘመን ከጃፍና ሽማግሌ አፍ አይለይም ነበር። አቶ ሙሩጌሱ ዳሱን ከአባታቸው ተረክበው ሃያ ሁለት ሰው የሚሠራበት አደረጉት። በእሽጉ ላይ የሚለጠፈውን ምልክት ያወጡትም እሳቸው ናቸው። ያዘዙት አንድ ጣዎስ ነበር፤ አታሚው ግን ፊት ለፊት የቆሙ ሁለት ጣዎሶች አትሞ አመጣላቸው።

«ሁለተኛውን የምከፍልበት ነው ወይስ በነፃ?» ብለው ጠየቁት።

«በነፃ ነው ጌታዬ፤ የእኔ ስሕተት ነው።»

«እንግዲያው ይቆይ። እርስ በርሳቸው ይጫወታሉ» አሉት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዳሱ «የሁለት ጣዎስ ዳስ» ተባለ።

ወይዘሮ ማኖንማኒ በመንደራችን የሴቶች ትምህርት ቤት እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማሩ። ድምፃቸው ጥርት ያለ ስለነበረ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ዳሱ ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ለሠራተኞቹ ጋዜጣ ያነቡላቸው ነበር። እጃቸው የተያዘ ሰዎች ጆሯቸው ሥራ ይፈልጋልና። ከሠራተኞቹ ሁሉ በእጃቸው የታወቁት አቶ ካዲራሱ ግን ትዕግሥት አልነበራቸውም። «ሚኒስትሩን ዝለዪልን ልጄ፤ እሱ ነገም ይናገራል። ያ በሬ የሰረቀው ሰውዬ ተያዘ ወይ?» ይሉ ነበር። በሬ የሰረቀው ሰውዬ ሳይያዝ ወራት አለፉ፤ ዳሱ ውስጥ የሚደግፈው ሰው እየበዛ ሄደ።

እናታቸው ወይዘሮ ናጋሙቱ በ1949 ሲያርፉ ትምህርታቸውን አቋርጠው የቤቱን ሥራ ያዙ። ከቤቱ ሥራ ሁሉ የከበደው ማራሻው ነበር። ማራሻ ማለት የትምባሆው አገዳ ከዘንባባ ስኳር ጋር የሚቀቀልበት፣ ቅጠሉ ሳይጠቀለል በፊት የሚረጭበት ውሃ ነው። ሌላ የሚገባበትን ነገር ቤተሰቡ ያውቀዋል። መጠኑን ያስተማሯቸው አባታቸው ናቸው፤ በማንኪያ ሳይሆን በምላስ። የጣታቸውን ጫፍ ነክረው ይቀምሱና «ገና ነው» ወይም «አውጪው» ይሏቸዋል። በአሥራ አምስት ዓመታቸው «አውጪው» የሚሉት እሳቸው ሆኑ፤ አባታቸውም ሳይቀምሱ ያምኗቸው ጀመር።

በ1951 ወይዘሮ ራሳማ የመንግሥት ጸሐፊ የነበሩትን አቶ ቼላቱራይን አገቡ። በጃፍና ቤትና የውሃ ጉድጓድ ለሴት ልጅ ይሰጣል፤ ባልየውም ወደ ሚስቱ ቤት ይገባል። ስለዚህ አሮጌው ቤት ከነግቢውና ከነጉድጓዱ የወይዘሮ ራሳማ ሆነ። ዳሱ ግን እዚያው ግቢ ውስጥ ነበር። አቶ ቼላቱራይ ነጭ ልብስ የሚወዱ፣ ባልደረቦቻቸውን ቤታቸው የሚጋብዙ ሰው ነበሩ። አራት ዓመት ታገሡ። በ1955 አንድ ቀን በእንግዶች ፊት «ቤቱን ተቀብያለሁ፤ ጭሱን ግን ማን ሰጠኝ?» ብለው ተናገሩ።

አቶ ሙሩጌሱ በዚያው ሳምንት ዳሱን አፈረሱ። በጉድጓዱ ላይ ቀርቶላቸው የነበረውን የመቅዳት መብት በጽሑፍ ተዉ። ጎረቤት በተሰበሰበበትም «ከዚህ ጉድጓድ አንድ ባልዲ ብቀዳ ሙሩጌሱ አይደለሁም» ብለው ማሉ። ወይዘሮ ራሳማ ነፍሰ ጡር ነበሩ፤ ደጃፉ ላይ ቆመው አንድም ቃል አልተናገሩም። አባትየው ዝምታውን ከባላቸው ጋር ማበር አድርገው ወሰዱት። ሕፃኑ ተወልዶ ሠላሳ አንደኛው ቀን ሲከበርም አልሄዱም።

ከዚያ ወዲህ አቶ ሙሩጌሱ ኃይላቸውን ሁሉ ለታናሽ ልጃቸው በሚሠሩት ቤት ላይ አዋሉ። አራት ስርጥ መንገድ ራቅ ብሎ ቦታ ገዙ፤ ድንጋዩን አሥራ አንድ ሳምንት አስቆፍረው ውሃ አገኙ። ውሃውም ጣፋጭ ሆነ። በእኛ አካባቢ ጉድጓዱ ሁሉ ጨው ጨው ይላልና ጣፋጭ ውሃ የወጣለት ሰው ልጁ የሕክምና ትምህርት የጨረሰለት ያህል ነው ደረቱን የሚነፋው። መንደሩ ጋን ተሸክሞ መጣ። አቶ ሙሩጌሱ ራሳቸው በጽዋ እየቀዱ አቀመሱ። «ሙሩጌሱ፣ ስኳር ጨመርክበት እንዴ?» እያሉ ሲቀልዱባቸው ደስታቸው ወሰን አልነበረውም። ዳሱን በዚያ ግቢ እንደገና ተከሉ።

ወይዘሮ ማኖንማኒ በጥር ወር 1956 የአክስታቸውን ልጅ አቶ ታምባያን አገቡ። አቶ ታምባያ በደቡብ በማታራ ከተማ የቤተሰቡን የሱሩቱ ሱቅ ከአሥራ ሰባት ዓመታቸው ጀምረው የያዙ ነበሩ። ዳሱ በሙሽራይቱ በኩል፣ ሱቁ በሙሽራው በኩል ስለነበረ የቤተሰቡ ሽማግሌዎች ሁለቱን በአንድ ጋብቻ ነው ያጋጠሙት። ሙሽራው ሦስት ሳምንት ቆይተው በባቡር ወደ ደቡብ ወረዱ። ከዚያ በኋላ የነበረው የሃያ ሰባት ዓመት ትዳራቸው በደብዳቤና በዓመት ሁለት ጊዜ በሚገኝ ፈቃድ የተያዘ ነበር። ደብዳቤዎቹ ዛሬም በሳጥን ውስጥ አሉ።

ከእነዚያ ደብዳቤዎች ሦስተኛው ይህን ይላል፦ «ማኖ፣ ለአባትሽ ለአፓ እንዴት አድርገሽ እንደምትነግሪያቸው አላውቅም። ሱሩቱው ማታራ ሲደርስ ደርቆ ይሰነጠቃል። የሚቃጠለውም በአንድ ጎኑ ነው። ዓሣ አጥማጆቹ ‹ታምባያ፣ ቂጣ መሸጥ ጀመርክ ወይ? ሲነኩት ይቆረሳል› እያሉ ይስቁብኛል። ዛሬ ይስቃሉ። የሚመጣው ወር ግን ማዶ ካለው ሱቅ ይገዛሉ።»

እንደተፈራውም ሆነ። እሽጎቹ በባቡር እየተመለሱ መጡ። አቶ ሙሩጌሱ መጀመሪያ ገበሬዎቹን ወቅሰው ከሌላ መንደር ቅጠል አስመጡ። ቀጥሎ የዘንባባውን ስኳር ለወጡ። የምቀኛ ዓይን ነው ተብሎም ፊት የተሣለበት ዱባ በዳሱ ምሰሶ ላይ አንጠለጠሉ። ምንም አልተለወጠም። ሃያ ሁለት የነበሩት ሠራተኞች በስድስት ወር ሰባት ሆኑ። አያታቸው የጀመሩት፣ አባታቸው ያሳደጉት ሥራ በእሳቸው ቤት ሊሞት መሆኑን ወይዘሮ ማኖንማኒ በዓይናቸው አዩ።

በመጨረሻ የተወቀሱት አቶ ካዲራሱ ነበሩ። አቶ ሙሩጌሱ በሰው ፊት «እጅህ አርጅቷል» አሏቸው።

አቶ ካዲራሱ የመጠቅለያ ጣውላቸውን ከጉልበታቸው ላይ አነሡ። «ጌታዬ፣ እጄ ካረጀም ያረጀው እዚሁ እርስዎ ዘንድ ነው» ብለው ጣውላውን በብብታቸው ይዘው ወደ ቤታቸው ሄዱ። የጠቀለሉት የመጨረሻ እሽግም «የእሱ ነው» ተብሎ ሳይላክ በጥግ ተጣለ።

ከአርባ ቀን በኋላ ወይዘሮ ማኖንማኒ ዳሱን ሲያጸዱ ያንን እሽግ አገኙት። ሲከፍቱት ሱሩቱው ትናንት የተጠቀለለ ይመስል ለስላሳ ነበር። የተመለሰው ሌላው ሁሉ በእጅ ሲነካ ይፈረፈራል። አንዱን ይዘው በቀጥታ ወደ አቶ ካዲራሱ ቤት ሄዱ። ሰውዬው ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ነበር።

«ምን አድርገውበት ነው?» ብለው ጠየቋቸው።

«ምን አደርግበታለሁ? ጠቀለልኩት። ደግሞ ልትወቅሺኝ ነው የመጣሽው?»

«ጣትዎን የሚያርሱበት ውሃ ከየት ነበር?»

«ከቤቴ በጠርሙስ ይዤ ነዋ የምመጣው፤ ከእኅትሽ ጉድጓድ። የአባትሽን ውሃ ጉሮሮዬ አልቀበል አለኝ። የሕመምተኛ ውሃ ነው፣ ምንም አይልም።»

ወይዘሮ ማኖንማኒ ያን ጊዜ ገባቸው። ቤተሰቡ አርባ አምስት ዓመት ሙሉ የማራሻው ምሥጢር ስኳሩና አገዳው ሲመስለው ኖሯል። ለካ ቅጠሉን በባቡር ጉዞ ሁሉ እንዳይደርቅ የሚይዘው የአሮጌው ጉድጓድ ትንሽ ጨው ነበር። አባታቸው ለልጃቸው የሰጡት ትልቁ ስጦታ፣ መንደሩ ሁሉ የቀመሰው ጣፋጭ ውሃ፣ ዳሱን እየገደለው ነበር። በመንደሩ የተለያየ ጉድጓድ ሞልቷል፤ ከሦስቱ ቀድተው ሞከሩ። አንዱ ጨው በዝቶበት ሱሩቱው እየነደደ ይጠፋል፣ ሌላው የዝገት ጣዕም አለው። የሚሆነው አንድ ብቻ ነበር፤ አባታቸው ደግሞ የማሉት በእሱ ላይ ነው።

ቀትር ላይ፣ ሰው በሚያይበት ሰዓት፣ ጋን ይዘው ወደ እኅታቸው በር ሄዱ። ከተነጋገሩ ከዓመት በላይ ሆኗቸው ነበር።

ወይዘሮ ራሳማ ጋኑን አይተው «ውሃ? የስኳር ውሃ ያላችሁ ሰዎች?» አሉ።

«አዎ አካ። የእኛ ጣፈጠ። ምን እናድርግ?»

ወይዘሮ ራሳማ ሊስቁ ከጀሉና ያዙት። ነገሩን ሁሉ ሰሙ። ከዚያም እንዲህ አሉ፦ «ለጎረቤት ውሃ አልከለክልም፤ ለአንቺም አልከለክልም። ለአፓ ዳስ ግን በአንቺ እጅ አይሄድም። እኔን የልጄ ቀን ላይ ቆሜ አስጠብቆኛል። ከፈለገ ራሱ ይምጣና ይቅዳ።»

ወይዘሮ ማኖንማኒ ባዶ ጋን ይዘው ተመለሱ። ለአባታቸውም አንዱንም ሳይደብቁ ነገሯቸው፤ አዲሱ ጉድጓድ ጥሩ መሆኑን፣ ለመጠጥ እንደሱ ያለ እንደሌለ፣ ለሱሩቱ ግን እንደማይሆን።   በሦስተኛው ቀን ጠዋት አቶ ሙሩጌሱ ገመድና ባልዲ አንሥተው ወጡ። አራቱን ስርጥ በእግራቸው ሲያልፉ የመንደሩ ሰው ከየአጥሩ በላይ ይመለከት ነበር፤ ማንም ግን ሰላምታ ከመስጠት በቀር አልተናገራቸውም። በአሮጌው ጉድጓድ አጠገብ ቆመው ባልዲውን ሰደዱ። ገመዱ አልደረሰም።

ወይዘሮ ራሳማ ከማድ ቤት ወጥተው ይህን አዩ። «ዘንድሮ ውሃው ወርዷል አፓ» አሉ። የራሳቸውን ገመድ አምጥተው ከአባታቸው ገመድ ጫፍ ጋር ቋጠሩት። አብረውም ሳቡት። አቶ ቼላቱራይ በረንዳው ላይ ጋዜጣ እያነበቡ ነበር ይባላል፤ ጋዜጣውን አጥፈው ወንበራቸውን ለአማታቸው ለቀቁላቸው።

አቶ ሙሩጌሱ ከዚያ ወደ አቶ ካዲራሱ ቤት አለፉ። «እጅህ አላረጀም፤ ያረጀው ዓይኔ ነው። ጣውላህን አምጣ» አሏቸው። አቶ ካዲራሱም «ጣውላውስ ይመጣል፤ ውሃዬን ግን ከቤቴ ነው የምይዘው» ብለው መለሱ። በኅዳር የተላከው ጭነት ማታራ ሲደርስ ከአቶ ታምባያ የመጣው ደብዳቤ አንድ መስመር ብቻ ነበረው፦ «ሳቃቸውን አቁመዋል፤ ላኩ።»

ወይዘሮ ማኖንማኒና አቶ ታምባያ ሁለት ልጆች አፈሩ። ካሩናካራን በ1958፣ ማላር በ1961 ተወለዱ።

አቶ ሙሩጌሱ በ1967 አረፉ። ከማረፋቸው በፊት ልጃቸውን አስጠርተው «ዳሱን አትዝጊው። በአባቴ ተከፍቶ በልጄ አይዘጋ» አሏቸው። «አልዘጋም አፓ» አሉ። ይህ ቃል ከዚያ በኋላ የነበረውን ሃምሳ ዓመት ገዛው።

እኛ የቤቱ ልጆች ዳሱን የምናስታውሰው በነዚያ ዓመታት ነው። አርባ አንድ ሰው በምንጣፍ ላይ ተደርድሮ፣ ጣውላው በጉልበት ላይ፣ ማጭዱ ቅጠሉን ሲቆርጥ የሚሰማው ድምፅ እንደ ዝናብ መጀመሪያ ነበር። ሴቶቹ ከቅጠሉ የመሐል አጥንቱን እየሳቡ ያወጣሉ። ዓርብ ዓርብ ሁለት በርሜል የጫነ የበሬ ጋሪ ከወይዘሮ ራሳማ ግቢ ይመጣል፤ በሬው መንገዱን ስለለመደው ነጂው ተኝቶ ይደርሳል። አሥር ሰዓት ሲሆን ሻይ ከዘንባባ ስኳር ቁራጭ ጋር ይዞራል። ወይዘሮ ማኖንማኒ ቁልፋቸውን በወገባቸው ሰክተው በመሐል ያልፋሉ፤ አልጮኹም፣ አልተቆጡም። የላላ ሱሩቱ ካዩ አንሥተው ጠቅላዩ ጆሮ ላይ እንደ እርሳስ ይሰኩለታል። ሰውዬው ባልደረቦቹ እስኪነጋገሩበት ድረስ ሰክቶት ይውላል፤ ሌላ ቅጣት አልነበረም።

ራሳቸው አጭሰው አያውቁም። ከየቅቅሉ የወጣውን የመጀመሪያ ሱሩቱ አቶ ካዲራሱ ያጨሳሉ፤ እሳቸው አመዱን ይመለከታሉ። አመዱ ነጭ ሆኖ ሳይረግፍ የጣት ርዝመት ከቆየ «ይታሰር» ይላሉ። አቶ ካዲራሱ «ማጨሱን ለእኔ፣ መፍረዱን ለእሷ» እያሉ ያጉረመርሙ ነበር። በናሉር የመቅደስ በዓል ወቅት ዳሱ ግማሽ ቀን ብቻ ይሠራል፤ አቶ ታምባያም በዚያ ሰሞን ከማታራ ይመጣሉ። ከባቡር ሲወርዱ ልብሳቸው የእኛኑ ሱሩቱ ይሸት ነበር። ከቤት የወጣው ሽታ በዓመት ሁለት ጊዜ ወደ ቤት ይመለሳል።

በሐምሌ 1983 በደቡብ በእኛ ሕዝብ ላይ በተነሣው ረብሻ የማታራው ሱቅ ተቃጠለ። አቶ ታምባያን ጎረቤታቸው የነበሩት ገመድ ነጋዴ አቶ ፒያሴና ሦስት ቀን በኮኮናት ገመድ ክምር ውስጥ ደብቀው አተረፏቸው። በመርከብ፣ አንድ ቦርሳ ይዘው ወደ ጃፍና ገቡ።

«ማኖ፣ ሱቁ ቀረ» አሉ በሩ ላይ እንደቆሙ።

«ይግቡ፤ እግርዎን ይታጠቡ» አሉ ወይዘሮ ማኖንማኒ።

አቶ ታምባያ ሃያ ሰባት ዓመት በእንግድነት በኖሩበት ቤት ስኒ የት እንደሚቀመጥ አያውቁም ነበር። ሲፈልጉ መሳቢያውን ሁሉ ይከፍታሉ፤ ወይዘሮ ማኖንማኒም ከኋላቸው እየተከተሉ ይዘጋሉ። በሃምሳ ዓመታቸው ማራሻ መቀቀል ተማሩ። ምላሳቸው ግን አልሰጠም፤ «ገና ነው» በሚባልበት «አውጪው» ይላሉ። አቶ ካዲራሱ «ጌታዬ፣ እርስዎ መሸጥዎ ነው የሚያምርብዎ» ብለው መከሯቸው።

በጥቅምት መጨረሻ 1995 በጦርነቱ ምክንያት ጃፍና ሁሉ በአንድ ቀን ሲፈልስ ወይዘሮ ማኖንማኒና ወይዘሮ ራሳማ ከነቤተሰባቸው በአንድ ዛፍ ሥር ስድስት ወር ኖሩ። በልጅነታቸው ካልሆነ በቀር እንደዚያ ጎን ለጎን ተኝተው አያውቁም፤ ሁለቱም በኋላ ያንን ዛፍ ሲያነሡ እንደ ክፉ ጊዜ አያወሩትም ነበር። ሲመለሱ የዳሱ ጣሪያ የለም፣ የቤቱም በር የለም። ወይዘሮ ማኖንማኒ በመጀመሪያው ቀን መጥረጊያ አንሥተው ዳሱን ጠረጉ። ጎረቤት «በር የሌለው ቤት እያለሽ ዳስ ትጠርጊያለሽ?» ሲላቸው «ለአባቴ የገባሁት ቃል ስለ በር አይደለም» አሉ። ከዘጠኝ ሰው ጋር እንደገና ጀመሩ።

አቶ ታምባያ በ1999 አረፉ። አቶ ካዲራሱ በ2003 በሰማንያ አራት ዓመታቸው፣ ከሞታቸው ሁለት ቀን በፊት ሥራ ላይ ውለው አረፉ።

ጦርነቱ አልቆ መንገዱ ሲከፈት ከደቡብ በአውቶቡስ የመጡ አንድ ሽማግሌ የሁለት ጣዎስ ዳስን ጠይቀው ጠይቀው አገኙ። ከማታራው ሱቅ ይገዙ የነበሩ ዓሣ አጥማጅ ነበሩ። ሱሩቱውን አሸተቱና ለኮሱ። ከዚያም በአስተርጓሚ «ባልሽ ‹ሰባ አምስት ሳንቲም ዕዳ አለብህ› ይለኝ ነበር፤ ‹የለብኝም› ብዬው ነበር፤ ግን ነበረብኝ» አሉ። ወይዘሮ ማኖንማኒ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

ነገር ግን ዳሱ እየቀነሰ ሄደ። በ2015 ስድስት ሰው ቀረ፤ ትንሹ ስድሳ አንድ ዓመቱ ነበር። የሠራተኞቹ ልጆች መምህርና ነርስ ሆነዋል፤ አንዳቸውም ጣውላ በጉልበቱ ላይ ሊያስቀምጥ አይፈልግም፤ ወይዘሮ ማኖንማኒም እንዲያስቀምጥ አይፈልጉም ነበር። ስድስቱም ያስሉ ነበር። እሳቸውም ያስሉ ነበር። በ2016 ሐኪሙ «ትምባሆ ያጨሳሉ?» ብሎ ሲጠይቃቸው «አላጨስም ልጄ፤ ግን ሰማንያ ዓመት አብረን ኖረናል» ብለው መለሱ። የትምባሆው ብናኝ ሳንባቸውን እንደጎዳው ነገራቸው።

ልጃቸው አቶ ካሩናካራን ያን ጊዜ አንድ ሐሳብ ይዘው ከኮሎምቦ መጡ። ሱሩቱ በማሽን የሚያመርት ነጋዴ የሁለቱን ጣዎስ ምልክት ሊገዛ ጠይቋል። «እማ፣ ስሙ ይቀጥላል፤ ለአያቴ የገባሽው ቃልም አይፈርስም» አሏቸው።

«ስሙን ሸጬ ውስጡ ሌላ ሰው ይገባበት?» አሉ። «ገዢው እኛ የሠራነው ይመስለዋል። አመዱን ማን ያያል?»

መሸጥ አልፈለጉም። መዝጋት ደግሞ ቃል ማፍረስ ነው። መቀጠልም ስድስቱ ሰዎች ሲያስሉ እያዩ ማሠራት ነው። አንድ ዓመት ሙሉ ይህ ነገር ከበዳቸው፤ ማራሻውን ሲቀምሱ እንኳ ከፊታቸው ይታወቅ ነበር። በመጨረሻ ሸክማቸውን ይዘው ወደ ታላቅ እኅታቸው ሄዱ። ወይዘሮ ራሳማ ሰማንያ አምስት ዓመታቸው ነበር፤ ዓይናቸው ደክሟል፣ ምላሳቸው ግን እንደ ድሮው ነው።

«ቃል ገብቻለሁ አካ» አሉ ወይዘሮ ማኖንማኒ።

«አፓስ አልማለም እንዴ? መንደር ሰብስቦ ማለ። ከዚያስ? ዳሱ ሊሞት ሲሆን በቀን ብርሃን ገመድ ይዞ መጣ። መሐላው በልጦበት ቢሆን ኖሮ ሥራውም እኔም እናልቅ ነበር። ያን ቀን እኔ ስለ ገመዱ ያልኩትን ታስታውሻለሽ፤ እሱ ግን ምን እንዳለኝ አልነገርኩሽም። ‹አፌ የተናገረውን እግሬ ቢክድ ይሻላል› አለኝ። አሁን አንቺ ከአባትሽ ልትበልጪ ነው?»

ወይዘሮ ማኖንማኒ ለመሄድ ተነሡ። ሲወጡ ግን ከደጅ ተመልሰው የእኅታቸውን እጅ ያዙ። «ስድሳ ዓመት ደብቀሽኝ?» አሏቸው። ወይዘሮ ራሳማም «ለእኔም ድርሻ አንድ ነገር ይቅርልኝ ብዬ ነው» አሉ።

ዳሱ ጥር 20 ቀን 2018 ተዘጋ። በእጅ ያለው ቅጠል እስኪያልቅ ሠሩ እንጂ ለነገ የሚቀር አላስገቡም። ስድስቱ ሠራተኞች ጣውላቸውን ይዘው ወደ ቤታቸው ሄዱ፤ ወይዘሮ ማኖንማኒ እያንዳንዱን እስከ መንገድ ድረስ ሸኙ። የመጨረሻዎቹ እሽጎች ለቀሩት የድሮ ደንበኞች ሁሉ በነፃ ተላኩ። በእያንዳንዱ ውስጥ ይህ ወረቀት ነበር፦

«ይህ የሁለት ጣዎስ ዳስ የመጨረሻ ሱሩቱ ነው። አያቴ ከፈቱት፣ አባቴ አሳደጉት፣ እኔ ዘጋሁት። ማንም አላስዘጋኝም። ከእንግዲህ ይህን ምልክት ሌላ ቦታ ብታዩ የእኛ አይደለም፤ አትግዙት። ስላጨሳችሁልን እናመሰግናለን። አሁን ደግሞ ብትተዉት ደስ ይለኛል።»

ከዚያ በኋላ የኖሩት አንድ ዓመት ከመንፈቅ የማይሞላ ነበር። ጠዋት ጠዋት ሥራ ስለሌላቸው ግራ ገብቷቸው ይነሡ ነበር። ቀስ በቀስ ግን ከአሥር ሰዓት በኋላ ወደ እኅታቸው ቤት መሄድ ልማዳቸው ሆነ። ሁለቱ ተቀምጠው ይከራከራሉ፤ ስለ እናታቸው ሻሽ ቀለም፣ ስለ ሞቱ ሰዎች ዕድሜ፣ ማን ማንን እንደሰደበ። ወይዘሮ ማኖንማኒ በሕይወታቸው ሥራ ፈትተው የተቀመጡት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ሕመማቸው በየካቲት 2019 ጸናባቸው። ሆስፒታል ዘጠኝ ቀን ተኝተው «ነፍሴ ከቤቴ ትውጣ» ስላሉ ወደ ቤታቸው ተመለሱ። መጋቢት 3 ቀን 2019 እሑድ ጠዋት፣ ታላቅ እኅታቸውና ልጆቻቸው በተገኙበት፣ በሰማንያ ሁለት ዓመታቸው አረፉ። አስከሬናቸው ወደ ማቃጠያው ሲሄድ መኪና ቀርቦ ነበር። ስድስቱ ሠራተኞች ግን «የእኛ ሥራ ነው» ብለው እምቢ አሉ፤ ትንሹ ስድሳ አምስት ዓመቱ ነው። እያረፉ እያረፉ ተሸክመው አደረሷቸው። እንዲፈጥኑ ያሳሰባቸው ሰው አልነበረም።

ወይዘሮ ማኖንማኒ ታላቅ እኅታቸውን ወይዘሮ ራሳማን፣ ልጃቸውን አቶ ካሩናካራንን፣ ሴት ልጃቸውን ወይዘሮ ማላርን፣ አምስት የልጅ ልጆችንና አንድ የልጅ ልጅ ልጅ ትተው አልፈዋል። በሠላሳ አንደኛው ቀን መታሰቢያቸው ከቅርብም ከሩቅም የተሰበሰባችሁትን፣ በተለይም ከማታራ ሌሊቱን ተጉዛችሁ የመጣችሁትን የአቶ ፒያሴና ልጆች፣ ቤተሰቡ እጅ ነሥቶ ያመሰግናል።

አምላካችን ሙሩጋን ነፍሳቸውን በእግሩ ሥር ያሳርፍልን። ሰማንያ ዓመት ያላረፉ እጆቻቸው ይረፉ።

የእኅታቸው ልጅ ኢንዲራ፣ ስለ ቤተሰቡ